ማሽኑን ሳናየው ቀብድ አንከፍልም

አጎታችን ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ባለፈው እሑድ ማታ በቪዲዮ ደወለና ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ ስልኩን ወደ ጠረጴዛው አዞረው። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ረጅም እጀታ ያለው፣ ከበድ ያለ ብረት ተተክሏል። «ሰባ ዶላር! ከነሳጥኑ!» አለ፤ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው። እናታችን መነጽሯን አድርጋ፣ ስክሪኑን ተጠግታ አየችና «የቡና መፍጫ ነው እንዴ?» አለችው።

የቡና መፍጫ አይደለም። ቀለህ መልሶ መሙያ ነው። አጎታችን በየዓመቱ መኸር ላይ አጋዘን ያድናል (አዎ፣ እዚህ እያለ ዶሮ ማረድ ይፈራ የነበረው ሰውዬ)። የተተኮሰ ጥይት ቀለሁን ሰብስቦ፣ እቤቱ ምድር ቤት ውስጥ መልሶ ይሞላዋል። የሚሞላበትን መሣሪያ ደግሞ አዲስ አይገዛም፤ ያገለገለ፣ በኢንተርኔት ጨረታ። እናታችን በስመ አብ ብላ አማተበችና ስልኩን ለእኛ ሰጠችን።

ነገሩን ስቀን እናልፈው ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ረቡዕ ተጂ ሄድን። እዚያ ሦስት ጓደኞቻችን አሉ፤ የብረት በርና መስኮት የሚሠሩበት ትንሽ ቤት ሊከፍቱ ስምንት ወር ሲቆጥቡ የከረሙ ልጆች። ያገለገለ የብየዳ ማሽን በስልካቸው አይተው፣ 18 ሺህ ብር ቀብድ ልከው፣ ማሽኑም ሻጩም አንድ ላይ ጠፍተዋል። ሲነግሩን እንኳን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ሰው ሲዘረፍ ለምን እሱ እንደሚያፍር አይገባንም፤ ግን እንደዚያ ነው።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ያገለገለ ብረት። አንዱ በሰባ ዶላር የተደሰተበት፣ ሌላው 18 ሺህ ብር የተበላበት። ታክሲ ውስጥ ሆነን ስንመለስ ያሰብነውን ነው ዛሬ የምንጽፈው።

መጀመሪያ አጎታችንን እንስማው፤ ምክንያቱም ሰውዬው ርካሽ እቃ ማደን ላይ ከአጋዘኑ ይበልጥ ጎበዝ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ የሚሄደው አረሩ ነው፣ ቀለሁ ይቀራል። የነሐስ ቀለህ ደግሞ በደንብ ከተያዘ ደጋግሞ ያገለግላል። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ብዙ አዳኞችና ኢላማ ተኳሾች አይጥሉትም። እዚያ ይሄ የተፈቀደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ ለዚሁ ሥራ መሣሪያ የሚያመርቱ የታወቁ ፋብሪካዎችም አሉ። አጎታችን የገዛው አር ሲ ቢ ኤስ የሚባል ፋብሪካ ያወጣውን ነው። ፋብሪካው በ1943 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሮቪል በምትባል ከተማ የተመሠረተ ነው። የስሙ መነሻ «ሮክ ቸክ» የምትባል፣ ድንጋይ ስር የምትኖር የዱር እንስሳ ናት። እነዚህ መጭመቂያዎች ከብረት የተጣሉ ወፍራም አካል ያላቸው ስለሆኑ አያረጁም ማለት ይቀላል። አባት ይገዛዋል፣ ልጅ ይወርሰዋል፣ የልጅ ልጅ ጋራዥ ሲያጸዳ አግኝቶት «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ይሸጠዋል።

አጎታችን የሚጠብቀው ያንን የልጅ ልጅ ነው። ወይም ሚስትየዋን። የዚህኛው ሻጭ ባለቤቷ የሞተባት ሴት ናት። ማስታወቂያው ላይ የመሣሪያውን ስም አልጻፈችም፤ «የድሮ የብረት መሣሪያ፣ ከባድ» ብቻ ነው ያለችው። ፎቶውም ደብዛዛ ነበር። ስሙን ጽፎ የሚፈልግ ገዢ አያገኘውም ማለት ነው። አጎታችን ግን ስሙን ጽፎ አይፈልግም፤ የተሳሳተ ፊደል ጽፎ፣ ወይም ሥራውን እንጂ ስሙን በማያውቅ ሰው ቋንቋ ነው የሚፈልገው። ፎቶው ላይ አረንጓዴውን ቀለምና የእጀታውን ቅርጽ አየ፣ በቃ። ከዚያ ስለ ክብደቱ አሰበ። ከባድ እቃ የማጓጓዣ ዋጋው ስለሚያስፈራ ብዙ ሰው ይሸሸዋል፤ ሻጯ ግን የምትኖረው በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር።

ጨረታው ሰባት ቀን ነበር። ስድስቱን ቀን አልነካውም። «ቀድመህ ከጮህክ ዋጋውን የምታስወድደው ራስህ ነህ» ይላል። በመጨረሻው ቀን ጣሪያውን አንዴ ጻፈ፦ መቶ አስር ዶላር። የኢቤይ ጨረታ አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጣሪያህን ትነግረዋለህ፣ እሱ በአንተ ፋንታ ሌላውን ተጫራች ትንሽ በትንሽ እየበለጠ ይሄዳል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ግን አያስከፍልህም። ሁለተኛው ሰው ከሰባ በታች ቆመ፤ አጎታችን በሰባ ወሰደው። (ኢቤይ በ1995 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ከተሸጡት አንዱ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም። የተበላሸ መሆኑም ተነግሮ ነው የተሸጠው። ይቺን «ተነግሮ» የምትለዋን ቃል ያዙልን።)

የማይገዛውም ነገር አለ። ያገለገለ የባሩድ ሚዛን እጁ ካልገባ አይገዛም፤ ትክክል መመዘኑን በፎቶ ማወቅ አይቻልማ። የሌላ ሰው የተሞላ ጥይት ደግሞ ጨርሶ አይነካም፤ ምን እንደተሞላበት የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው። በ2020 እና በ2021 አሜሪካ ውስጥ ጥይት ከገበያ ሲጠፋ ብዙ ሰው ተደናግጦ ይሄንን መሣሪያ በእጥፍ ዋጋ መግዛቱን ነግሮናል። እሱ ያኔ ምንም አልገዛም። ድንጋጤው ሲያልፍ የተደናገጡት መሸጣቸው አይቀርም ብሎ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ሁሉንም ካወራ በኋላ ግን ዋናውን ነገር እንደዋዛ ነው የተናገረው። «ዋጋውንማ አውቀው ነበር።» እንዴት? ኢቤይ ላይ የተሸጡ እቃዎችን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ቦታ አለ። ሻጭ የጠየቀውን አይደለም፣ ገዢ የከፈለውን ነው የሚያሳየው። ባለፉት ወራት ያንኑ መሣሪያ ማን በስንት እንደወሰደው፣ ዝገት ያለበት በስንት፣ እጀታው የጎደለው በስንት እንደሄደ ተዘርዝሮ ይታያል። እቃው እንደተባለው ካልሆነ ገንዘብ የሚመለስበት ዋስትናም አለ። ሻጭዋ ከዚህ በፊት የሸጠችላቸው ሰዎች ስለሷ ያሉት ስሟ አጠገብ ተጽፏል። አጎታችን ጎበዝ ነው፤ አንክድም። ግን ጉብዝናው የሚሠራው መሬቱ የጠነከረ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ጥይት እያወራን ነው። ለአጎታችን ቀለህ የመዝናኛ ነገር ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሰሜኑ ሲነድ ለከረመበት አገር፣ ዛሬም ድረስ የተኩስ ድምፅ ላልራቀው ሰው፣ ቀለህ ሌላ ነገር ነው። እረኛ ልጅ ሜዳ ላይ አንስቶ የሚያፏጭበት፣ እናት ስታየው ልቧ የሚርድበት ነገር ነው። እኛ አገር ይሄ መሣሪያ በግለሰብ እጅ የሚገባ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም መሥራት ወንጀል ነው። ስለዚህ ይሄን አንብቦ «እስቲ እኔም ልፈልግ» የሚል ወንድም ካለ፣ ስልኩን ያስቀምጥና ንባቡን ይቀጥል። የምንፈልገው ብረቱን አይደለም፤ የአገዛዙን ዘዴ ነው።

ዘዴው ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። አገራችን ያገለገለ መሣሪያ ስትገዛ የኖረች አገር ናት። አያቶቻችን የጠሯቸውን ጠመንጃዎች ስም ብቻ ብናይ ይበቃል፤ ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚ ግራ የመጡ ናቸው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለበል የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ ግራው አሮጌ ሆነ፤ አሮጌው ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ መጣ። ጥይት ራሱ ገበያ ውስጥ ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ የሚቆጠርበት ዘመን ነበር።

የዚህን ንግድ ምርጥ ታሪክ ግን የሠራው አንድ ገጣሚ ነው። አርተር ራምቦ። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ የሚያመልኩት፣ ግጥም በሃያ ዓመቱ ገደማ ጥሎ ነጋዴ የሆነው ራምቦ፣ ሁለት ሺህ ገደማ አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሳ። በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ደረሰ። የሸሪኩ የላባቱ ሞት፣ የመንገዱ መከራ፣ የግመሉ ኪራይ… ሁሉም ተደማምሮ እንጦጦ ሲደርስ ሰውዬው መሸጥ የግድ ሆኖበታል። ገዢው ማን ነው? ንጉሥ ምኒልክ። ምኒልክ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሐረርን ይዘው መመለሳቸው ነበር፤ ግብፆች ትተውት የሄዱት የተሻለ መሣሪያ እጃቸው ገብቷል። የራምቦ እቃ አሮጌ መሆኑን ያውቃሉ። ዋጋውን ያውቃሉ። ሰውዬው ጭኖት እንደማይመለስም ያውቃሉ። ዋጋውን ጨምቀው ቀነሱት፤ የሟቹ ሸሪክ አበዳሪዎችም ገጣሚውን ከበቡት። ክፍያውም እዚያው በእጁ አልተቆጠረለትም፤ ሐረር ወርዶ ከደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኮንን እንዲቀበል ተጻፈለት። ራምቦ ከስሮ ወጣ።

ከእንጦጦ ሰሜን ሱሉልታ ናት፣ ወደ ምዕራብ ወረድ ስትሉ ቡራዩ። ዛሬ ከእነዚህ ከተሞች ያለ ወጣት ያገለገለ ማሽን ሲገዛ፣ ከሁለቱ ሰዎች የሚመስለው ምኒልክን አይደለም። ራምቦን ነው። ዋጋ ሳያውቅ፣ ቸኩሎ፣ የሌላውን ሰው ቃል ይዞ ነው የሚገባው።

እስቲ ተጂ እንመለስ። መንገዱን ለማታውቁት፣ በጅማ መስመር ሰበታን፣ ቀጥሎ ተፍኪን አልፋችሁ፣ የበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ነው ተጂ የምትመጣው። ጤፍና ሽምብራ አገር ነው። ገበሬው እህል ሲሸጥ መጀመሪያ የሚያስበው ቤት ነው፤ ቤት ካለ ደግሞ በር አለ፣ መስኮት አለ። ልጆቹ ያዩት ይሄንን ነው። ሰው በርና መስኮቱን ከሰበታ ወይም ከዓለም ገና አሠርቶ፣ የጭነት ከፍሎ ነው የሚያመጣው። «እዚሁ ብንሠራስ?» አሉ። ትክክል ነበሩ፤ አሁንም ትክክል ናቸው።

አዲስ ማሽን ግን አልተቻለም። ብር በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ አብሮ ወጣ፤ የብየዳ ማሽኑ፣ ግራይንደሩ፣ ኤሌክትሮዱ ሳይቀር። ሲቆጥቡ የነበሩት ገንዘብ ባንክ ውስጥ እያለ አነሰባቸው። ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ ገቡ። እኛ ሰልባጅ ለብሰን ያደግን ልጆች ነን፤ በልዋጭና በቁራሌው ድምፅ የነቃን። ምናለሽ ተራ ሄዶ በርሜሉ ባልዲ፣ ጎማው ጫማ ሲሆን ያየ ሰው ያገለገለ እቃ አይንቅም። ያገለገለ መግዛቱ አይደለም ስህተቱ።

ስልካቸው ላይ ያዩት ማስታወቂያ ንጹሕ ነበር። አራት ፎቶ፣ «ስላይትሊ ዩዝድ»፣ «ለፈጠነ ብቻ»። ዋጋውስ? «ዋጋ በውስጥ መስመር»። ይቺን ዐረፍተ ነገር የማያውቅ አንባቢ ያለን አይመስለንም። ሶፋ በውስጥ መስመር፣ ላፕቶፕ በውስጥ መስመር፣ ቤት በውስጥ መስመር! የአንድ እቃ ዋጋ እንደ ሐሜት በጆሮ የሚነገርበት ገበያ ምን ዓይነት ገበያ ነው? በውስጥ መስመር የሚነገር ዋጋ ለእኔ አንድ፣ ለአንቺ ሌላ ነው። ከቦሌ ለጻፈ አንድ፣ ከተጂ ለጻፈ ሌላ። ትናንት ስንት እንደተሸጠ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ዛሬ የተነገረን ርካሽ ይሁን ውድ የምናውቅበት መለኪያ የለንም። መለኪያ በሌለበት ቦታ «ቅናሽ» የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ስሜት ብቻ ነው።

ልጆቹ የሆኑት ይሄንኑ ነው። ሻጩ ከጠበቁት እጅግ ያነሰ ዋጋ ነገራቸው። ደስ አላቸው። መምጣት እንችላለን ሲሉት «ሌላ ሰው መንገድ ላይ ነው፣ ቀብድ ከላካችሁ አቆይላችኋለሁ» አላቸው። ላኩ። ፎቶዎቹ ከሌላ አገር ማስታወቂያ የተወሰዱ መሆናቸውን ያወቁት በኋላ ነው፤ አንዱ ፎቶ ጥግ ላይ የሚታየው የግድግዳ ሶኬት እኛ አገር የሌለ ዓይነት ነበር። «ሶኬቱን አይተነው ነበር እኮ!» አለን አንዱ፣ እንዳላየ መሆኑ እያንገበገበው።

ቀብድ ጥሩ ባህል ነው። አባቶቻችን በሬ ሲገዙ ቀብድ ከፍለዋል። ግን በሬውን አይተው፣ ጥርሱን ቆጥረው፣ ሲራመድ ተመልክተው፣ ምስክር አቁመው ነው። ቀብድ የሚባለው የታየ ነገር እንዳይሸጥ የሚያቆም ገንዘብ ነው። ያልታየ ነገር ላይ የሚላክ ገንዘብ ስሙ ቀብድ አይደለም፤ ልመና ላይ ያለን ሰው መርዳት ቢባል ይሻላል።

«ታዲያ ሕጋዊ ሐራጅ አለላችሁ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ። ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ መሸጥ የቻሉት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው፤ ለተበዳሪው የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ይሸጣሉ። ጉምሩክ የወረሰውን ይሸጣል። መሥሪያ ቤቶች ያረጀባቸውን ይሸጣሉ። ከተዘጉ ፋብሪካዎች ቶርኖው፣ ድሪሉ፣ የብየዳ ማሽኑ፣ ጄኔሬተሩ የሚወጣው በዚህ በር ነው። የአጎታችን ዓይነት ዕድል ያለው እዚህ ነው።

ግን በሩን እንየው። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ በደቃቅ ፊደል ይወጣል፦ «ልዩ ልዩ ያገለገሉ ማሽነሪዎች፣ ባሉበት ሁኔታ»። ስንት ናቸው? ምን ዓይነት? ይሠራሉ? «በሥራ ሰዓት ቀርቦ ማየት ይቻላል»። የጨረታ ሰነዱ በማይመለስ ገንዘብ ይገዛል። ማስከበሪያው በሲፒኦ ይያዛል፤ ሲፒኦ ለማሠራት ባንክ፣ ለማስመለስ ሌላ ቀን ባንክ። ከተጂ አዲስ አበባ ለማየት አንድ ቀን፣ ሰነድ ለመግዛት አንድ ቀን፣ ለመጫረት አንድ ቀን፣ ከተሸነፉ ሲፒኦውን ለመመለስ አንድ ቀን። አንድ የብየዳ ማሽን ለሚፈልጉ ሦስት ልጆች ይሄ ከማሽኑ በላይ ነው። ደግሞ አንዱን ማሽን ለብቻ መግዛት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ከአሥራ ሁለት የተሰባበረ ወንበርና ከአንድ ክምር ጎማ ጋር በአንድ ሎት ታስሮ ይመጣል። ማን ይገዛዋል? ክምሩን የሚችል ነጋዴ። ነጋዴው ደግሞ ማሽኑን ለብቻው አውጥቶ ስልክ ላይ ይለጥፈዋል። ዋጋ በውስጥ መስመር።

ባለፈው ዓመት ከእኛ አንዷ ለዘገባ ብላ እንዲህ ያለ ሐራጅ ላይ ተገኝታ ነበር። የትኛው እንደሆነ አንናገርም። በር ላይ ሰዎች በቡድን ቆመው ያወራሉ፤ ውስጥ ሲገባ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ እጁን ያነሳል። ጥበቃው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ «ልጄ፣ ጨረታው ያለቀው ውጭ ነው» አሏት። ይሄንን ለጓደኞቻችን ስንነግራቸው አልገረማቸውም፤ እነሱን የገረማቸው እኛ መገረማችን ነው።

እኛ የምንለው ቀላል ነገር ነው፣ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። በሐራጅ የሚሸጥ ተቋም ሁሉ እያንዳንዱን ማሽን ለብቻው፣ በፎቶና በአጭር ቪዲዮ፣ ይሠራል አይሠራም ብሎ ያውጣ። «ባሉበት ሁኔታ» የምትለው ቃል ሁኔታው ሲነገር ነው ትርጉም የሚኖራት። ማስከበሪያው በቴሌብር ቢያዝ ምን ይጎድላል? ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁም 1205/2012 ወጥቷል። መንግሥት የራሱን ግዢ በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ማካሄድ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሲገዛ የሚያውቀውን ሲሸጥ ለምን ይረሳዋል? ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር፦ ከጨረታው በኋላ በስንት እንደተሸጠ ይለጠፍ። የገዢው ስም አይደለም፣ ዋጋው። የብየዳ ማሽን፣ ይህን ያህል አምፔር፣ በዚህ ወር፣ በዚህ ብር። እንዲህ ያለ ዝርዝር ለአንድ ዓመት ቢጠራቀም፣ ተጂ ያለ ልጅ ስልኩን ከፍቶ ምኒልክ ያወቁትን ማወቅ ይችላል። ያን ጊዜ በግማሽ ዋጋ «ለፈጠነ» የሚለው ሰው ሲመጣ፣ ገና ሳይልክ ይሸተዋል።

የስልክ ገበያዎቹም አይለፉ። ዋጋ የማይጽፍን ሻጭ ማስታወቂያ አናወጣም ማለት ይችላሉ፤ የቻናል ባለቤት አንድ ቀን ቢደፍር ሌላው ይከተላል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም «ዋጋ ስንት ነው?» ብለህ በውስጥ ከምትጽፍ እዚያው አደባባይ ላይ ጠይቅ። ያሳፍራል? እኛንም ያሳፍረን ነበር። ለመድነው።

አንድ ነገር ሳንረሳው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽን፣ ተሽከርካሪ፣ ከብት ሳይቀር ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ መዝገቡም ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ነው። ጥሩ ሕግ ነው፣ ለእነዚህ ልጆችም ነገ ይጠቅማቸዋል። ግን ሌላ ጎን አለው፦ በርካሽ የገዛችሁት ማሽን የባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ መያዣ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ደረሰኝ ከሌለው፣ ማሽኑ ላይ ያለው የመለያ ቁጥር ተፍቆ ከሆነ፣ «ለምን በዚህ ዋጋ ትሸጣለህ?» ሲባል የሚቆጣ ከሆነ፣ እግራችሁን አንሱ። አጎታችን ሴትየዋን ይሄንኑ ጠይቋታል። «ባለቤቴ ሞተ፣ እኔ አልጠቀምበት» አለችው፤ ጋራዡን ከፍታ የቀረውንም አሳየችው።

ልጆቹስ? 18 ሺሁ አልተመለሰም። አመልክተዋል፤ ይጠብቃሉ። ከሦስቱ አንዱ ጥሎ ሊወጣ ነበር፣ እናቱ ናቸው «ሁለቱን ትተህ የት ትሄዳለህ?» ብለው የመለሱት። ከዚያ በኋላ ስልኩን ዘግተው በእግራቸው ሄዱ። ሰበታ ውስጥ የሚዘጋ አንድ የብረታ ብረት ቤት በሰው በሰው ሰሙ። ባለቤቱ ወደ ልጁ ዘንድ ሊሄድ እቃውን እየሸጠ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ሄዱ። ማሽኑ አርጅቷል፣ ገመዱ ሁለት ቦታ በፕላስተር ተጠቅልሏል። «ይሠራል» አሉ ሰውዬው። «ይሠራል ብለው እንዳይቀየሙን አባባ፣ እናብራው» አለ አንደኛው፤ ያ ጥሎ ሊወጣ የነበረው። አበሩት። ሁለት ቁራጭ አንግል ብረት አጋጥመው ግማሽ ሰዓት ሙሉ በየዱበት፣ ሳያቋርጡ፣ ይሞቅ እንደሆነ እጃቸውን እያስጠጉ። ሁለት ሌላ ቤት ሄደው ዋጋ ጠይቀው ተመለሱ። ከዚያ ነው ገንዘቡ የወጣው፤ ቀብድ ሳይሆን ሙሉውን፣ በደረሰኝ።

ለአጎታችን የማሽኑን ፎቶ ላክንለት። ፎቶውን አስፍቶ አይቶ «ያንን ገመድ መጀመሪያ ቀይሩት በሏቸው» ብሎ ጻፈልን። ቀይረውታል። ያቺ የሙከራ ብረት አሁን የቤታቸውን በር ከነፋስ የምትይዝ ሆናለች፤ እኛ ስንሄድ አደናቅፋናለች።